ለፓውደር ቀለም የውጭ ብረት ምን ይሻላል? ሴራሚክ፣ ስፕሬይ፣ ሰም ወይስ እንደ አዲስ ማስቀባት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ፓውደር (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በምድጃ ሙቀት የሚበስል ቀለም) የተቀባ የግቢ በር፣ የበረንዳ መደገፊያ ወይም የካፌ ወንበር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ሴራሚክ ይሻላል?» ብሎ ነው። ሴራሚክ የሚባለው ቀለሙ ላይ የሚደረብ ስስ መከላከያ ሽፋን ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቀለሙ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው? ደህና በሆነ ቀለም ላይ ሴራሚክ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ዱቄት ማውጣት በጀመረ ቀለም ላይ ግን የሚይዘው ሊለቅ በተዘጋጀው ዱቄት ላይ ስለሆነ አብሮት ይሄዳል። በዛገ ብረት ላይ ደግሞ ዝገቱን ከላይ ያብረቀርቀዋል እንጂ አያቆመውም። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከብረቱ አጠገብ ነው።

ብረቱን መመርመር

በመጀመሪያ የተቀባው በእርግጥ ፓውደር መሆኑን ያረጋግጡ። በየብየዳ ቤቱ «ፓውደር ነው» ተብለው ከሚሸጡት በሮች መካከል በኮምፕሬሰር የተረጨ ተራ ቀለም የተቀቡም አሉ። ጥጥ በቲነር ነክረው ከበሩ ጀርባ፣ በማይታይ ቦታ፣ ለ10 ሰከንድ ያህል ይሹት፤ ከዚያ ወዲያው በውኃ ያብሱት። ጥጡ ቀለሙን በአንዴ ከጠጣው የናይትሮ ወይም የዘይት ቀለም ነው። በደንብ የበሰለ ፓውደር በጥጡ ላይ የሚተወው እምብዛም ነው። በመካከል ያለው ውጤት፣ ማለትም ላዩ ለስለስ ብሎ ቀለም ከለቀቀ፣ ፓውደሩ ጥሬ መሆኑን ይጠቁማል። ፓውደር እንዲበስል የብረቱ ራሱ ሙቀት በአብዛኛው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት። ባለሙያው ደቂቃውን የሚቆጥረው የምድጃው አየር ከሞቀበት ጊዜ ጀምሮ ከሆነ ወፍራም ብረት ያለው በር ሳይበስል ይወጣል። እንዲህ ያለውን በር ምንም መከላከያ አያድነውም፤ ወደሠራው ቤት መመለስ ነው።

ቀጥሎ የዱቄት ፈተና አለ። ታጥቦ በደረቀ ቦታ ላይ ከብረቱ የተለየ ቀለም ባለው ጨርቅ ጫን እያሉ አሥር ጊዜ ይጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ቀለሙ ደህና ነው። ጨርቁ ላይ ዱቄት ከቀረ ፀሐይ የቀለሙን ማያያዣ እየበላችው ነው ማለት ነው፤ ማያያዣው ሲያልቅ ውስጡ የነበረው ቀለም ልቅ ዱቄት ሆኖ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ዝገት የሚጀምርባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ይዩ። እነሱም የተቆረጠ ጠርዝ፣ የብየዳ መስመር፣ ለቁልፍና ለማጠፊያ የተበሱ ቀዳዳዎች፣ የበሩ ታችኛው ጠርዝና የውስጥ ማእዘኖች ናቸው። የውስጥ ማእዘን ለምን? ፓውደር ብረት ላይ የሚጣበቀው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ኃይሉ ደግሞ ወደ ጠባብ ማእዘን አይገባም። ስለዚህ ሌላው ቦታ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ተቀብቶ ሳለ ማእዘኑ ሳስቶ ይቀራል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በሩ ተተክሎ ጥቂት ሳምንት እንደቆየ ላዩ ላይ እንደ በርበሬ የተነሰነሱ ቡናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ባለቤቱም «ቀለሙ ዛገ» ይላል። ብዙ ጊዜ የዛገው ቀለሙ አይደለም። በሩ ሲተከል ወይም ጎረቤት አጥር ሲሠራ ከግራይንደር የተበተነ የብረት ብናኝ ትኩስ እንደሆነ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ነው የዛገው። ይህ ለመኪና በሚሸጥ የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ወይም በማጽጃ ጭቃ (ላዩ የሚታሽበት ሊጥ መሰል ማጽጃ) ይለቃል። ሳያስለቅቁ ሴራሚክ መቀባት ግን ነጠብጣቡን አሽጎ ማስቀመጥ ነው።

ደሴ ያለው በርና ኮምቦልቻ ያለው በር

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎ ቁልቁለትን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ያህል ቀንሷል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ቀለም የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት የደሴ በር ላይ የሚያርፈው ጨረር ከኮምቦልቻው ይበረታል። ብርዱ ያታልላል እንጂ ደሴ ለቀለም ቀላል ከተማ አይደለችም። በዚያ ላይ የክረምቱ ጉምና የጥቅምት ጤዛ ብረቱን ለረጅም ሰዓት እርጥብ አድርገው ያቆዩታል፤ ዝገት የሚወደው ይህንኑ ነው።

የኮምቦልቻ ችግር ሙቀትና አቧራ ነው። ወደ ሚሌ የሚወርዱና የሚወጡ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ያለ በር በየቀኑ አቧራና ጥቀርሻ ይለብሳል። አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መሞረድ ነው፤ የሚያንጸባርቅ ጥቁር በር በአንድ ዓመት ውስጥ በሸረሪት ድር መሰል ጭረት የሚሞላው በዚህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መከላከያ የሚመረጠው አቧራው በቀላሉ በውኃ እንዲለቅ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ውኃው ብረቱ ላይ እንዳያድር።

አማራጮቹ

ማጠብ ብቻ። ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የተናቀው ይኸው ነው። በጥላ ያለ፣ በረንዳ ውስጥ ያለ ወይም ማት (የማያንጸባርቅ) የሆነ ብረት በሦስት ወር አንዴ በለስላሳ ሳሙና ከታጠበ ሌላ ምንም ላያስፈልገው ይችላል። መንገድ ዳር ከሆነ በወር አንዴ ይታጠብ።

ሰም። የመኪና ሰም ጥሩ ጥቁረትና ብርሃን ይሰጣል፤ በውጭ የሚቆየው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። በፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ሻካራ ቀለም ላይ ጉድጓዶቹ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ለበዓል በር ማሳመር ካልሆነ በስተቀር ለኮምቦልቻ አንመክረውም።

ሲሊካ ያለበት ስፕሬይ። ይህ «ሴራሚክ ስፕሬይ» ተብሎ የሚሸጠው ነው። በታጠበ ብረት ላይ ተረጭቶ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ስህተትን ይችላል፤ ቢዝረከረክ እንኳ በእርጥብ ጨርቅ ይስተካከላል። ለካፌ ወንበርና ጠረጴዛ ቀጥሎ ከምናየው የጠርሙስ ሴራሚክ የምናስቀድመው ይህን ነው። ወንበር በቀን መቶ ጊዜ ይጎተታል፣ ይደራረባል፣ በሳሙና ይታጠባል፤ ሦስት ዓመት ይቆያል የተባለው ሽፋን ከመቀመጫውና ከመደገፊያው ላይ ከዚያ በጣም ቀድሞ ተፍቆ ያልቃል። በየአራት ወሩ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ስፕሬይ ማድረግ ይሻላል።

ዋናው ሴራሚክ። በ30 ወይም በ50 ሚሊ ሊትር ትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው፣ ከአየር እርጥበት ጋር ተዋሕዶ የሚጠነክረው ነው። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ሽፋኑ ሲደርቅ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ፓውደሩ ግን ከ60 በላይ። ስለዚህ ድንጋይ ሲመታው፣ ቁልፍ ሲጭረው አያድንም። ማሸጊያው ላይ ያለው «9ኤች» የሚለው ጽሑፍ የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ከአልማዝ ወይም ከድንጋይ ጥንካሬ ጋር አይገናኝም። ፀሐይንም የሚከላከለው በጥቂቱ ነው። የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ ውኃው ተሰብስቦ ይወርዳል፣ አቧራና የወፍ ኩስ ሥር አይሰድም፣ ሲታጠብ መፈተግ አይፈልግም። መፈተግ ሲቀር ጭረት ይቀራል። ደህና በሆነ፣ ለስላሳና በሚያንጸባርቅ፣ ብዙ በማይነካ ብረት ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቢያገለግል ጥሩ ነው። ማሸጊያው አምስት ዓመት ቢል የተለካው በእንክብካቤ በተያዘ መኪና እንጂ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ላይ በቆመ በር አይደለም።

ባለሁለት አካል (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ) ግልጽ ቫርኒሽ። ቀለሙ ለፈዘዘ ግን ላልተላጠ ውድ በር ይታሰባል። ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ውፍረት ስላለው ፀሐይን ከሴራሚክ በተሻለ ይከላከላል። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። ላዩ በ400 ወይም በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መሻከር አለበት፤ አለበለዚያ እንደ ፕላስቲክ ተቀርፎ ይነሳል። ማጠንከሪያው ደግሞ አይሶሳያኔት ስላለበት ሲረጭ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በጨርቅ ማስክ የሚረጭ ሰው ራሱን እየጎዳ ነው። ተገቢው የመተንፈሻ መሣሪያ ለሌለው ቀቢ ይህን ሥራ አይስጡ።

እንደ አዲስ ማስቀባት። ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ገብቶ አረፋ ካነሳ ሌላው ሁሉ ብር ማባከን ነው። ሥራውን ሲሰጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አሮጌው ቀለም ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ብረቱ በአሸዋ ተረጭቶ ወይም በፎስፌት ታጥቦ ነው የሚቀባው? ሁለተኛ፣ ፓውደሩ ፖሊስተር ነው? ኤፖክሲ ብረትን በደንብ ይይዛል፤ በፀሐይ ግን በወራት ውስጥ ዱቄት ያወጣል። ኤፖክሲና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሃይብሪድም ለቤት ውስጥ ነው። ለውጭ ትክክለኛው ከሥር ዚንክ ያለበት ወይም ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ከላይ ፖሊስተር ነው።

ናፍጣና የተቃጠለ ዘይትስ? በአንዳንድ ግቢ በር «እንዲያብረቀርቅ» በናፍጣ ይወለወላል። ለሁለት ቀን ያምራል፤ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይይዘዋል። የሲልከን ዘይት ያለበት የጎማና የዳሽቦርድ ማብረቅረቂያም እንዲሁ ነው። እሱ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ በኋላ ቀለም ሲቀባ ቅሪቱ ቀለሙን እየገፋ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ቀዳዳዎች ያወጣል።

በአጭሩ ለምን ዓይነት ዕቃ ምን? ለስላሳና አንጸባራቂ የግቢ በር ደህና ከሆነ ሴራሚክ ይገባዋል። እጅ ሁልጊዜ የሚይዘው የደረጃ መደገፊያ ስፕሬይ ይበቃዋል። ማት ወይም ሻካራ ከሆነ ለማት ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ ወይም እጥበት ብቻ፤ ተራው ሴራሚክ ማቱን ያጠቁረዋል፣ እዚህም እዚያም ያንጸባርቀዋል፣ ማት ደግሞ በፖሊሽ አይስተካከልም። የአሉሚኒየም መስኮት ፍሬም ላይ ስፕሬይ በቂ ነው። ለከሰል መጥበሻና ለምድጃ አካባቢ ብረት የመኪና ሴራሚክ አይሁን፤ ፓውደሩ ራሱ እዚያ ቦታ አይበረክትም፣ ሙቀት የሚችል ቀለም ነው የሚያስፈልገው።

ስንት ይበቃል?

ለለስላሳ ብረት በካሬ ሜትር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ያስቡ። 3 ሜትር በ2.2 ሜትር የሆነ የላሜራ በር ሁለት ፊቱ 13.2 ካሬ ሜትር ነው፤ ከ33 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። የ30 ጠርሙስ መሃል ላይ ያልቅብዎታል፤ 50 ይግዙ ወይም የውጭውን ፊት ብቻ ይቀቡ። የመደገፊያ ቱቦ ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 ሜትሩ 1.6 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። የተከፈተ ጠርሙስ እርጥበት ስለሚገባው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ ትንንሽ ሥራዎችን በአንድ ቀን መጨረስ ያዋጣል።

ሴራሚኩን መቀባት

ወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ በወሎ የበልግ ዝናብም ስላለ የካቲት መጨረሻ ላይ መጀመር ያስቆጫል። ሰዓቱ ግን በሁለቱ ከተሞች ይለያያል። ደሴ ላይ ጠዋት ብረቱ ጤዛ አለበት፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይጀምሩ፣ የማታው ጤዛ ሳይመጣ ሽፋኑ የተወሰነ ሰዓት እንዲያገኝ ደግሞ ከ8 ሰዓት በኋላ አይቀጥሉ። ኮምቦልቻ ላይ ገና በማለዳ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ብረቱን ሳታግል፣ ነፋሱም አቧራ ሳያነሳ። መለኪያው መዳፍዎ ነው፤ ብረቱ ላይ እጅዎን አሳርፈው ካቃጠለዎ ወይም እጅግ ከቀዘቀዘዎ አይቀባም።

እጥበቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ውኃ ብቻ ያፍስሱበት፤ አቧራው ሳይነካ ይውረድ። በ10 ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሁለት ባልዲ ይያዙ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ለማእዘንና ለሻካራ ቀለም ለስላሳ ብሩሽ። በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳና የሽቦ መፈተጊያ አይግቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀለሙን ይበሉታል፣ ሽቦው የብረት ፍርፋሪ ትቶ ራሱ ይዝጋል። የባሕር ዛፍና የጥድ ሙጫ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይለቃል፤ በቲነር አይሞክሩት። የሲሚንቶ ርጭት ካለ በአንድ እጅ ኮምጣጤና በአሥር እጅ ውኃ ደጋግመው አርሰው ያስለቅቁት፣ ከዚያ ብዙ ውኃ ያፍስሱበት።

የተጫሩ ቦታዎች ሴራሚክ ከመቀባቱ በፊት ይጠገናሉ፤ በሴራሚክ ላይ ቀለም አይይዝም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረቱ ፍቀው፣ ዚንክ ያለበት ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ቀለሙን ቀብተው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠብቁ።

ቀለሙ በትንሹ ዱቄት የሚያወጣ አንጸባራቂ ከሆነ በጥሩ ፖሊሽ ይታሻል፤ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ። ጠርዝ ላይ ጫን አይበሉ፣ እዚያ ቀለሙ ስስ ነው።

በመጨረሻ 70 በመቶውን አልኮል ከእኩል የተጣራ ውኃ ጋር ቀላቅለው ላዩን ያብሱ፤ የሳሙናና የፖሊሽ ቅባት ካልወጣ ሴራሚኩ አይይዝም። የተጣራ ውኃ ባትሪ የሚሸጥበት ይገኛል፤ ጠርሙሱን በደንብ ያንብቡ፣ ጎን ለጎን የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ነው።

አሁን የጎማ ጓንት ያድርጉ። በስፖንጁ ላይ ከ6 እስከ 8 ጠብታ። በአንድ ጊዜ ከ50 በ50 ሴንቲ ሜትር አይበልጡ። አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች። ላዩ የዘይት ጠብታ ውኃ ላይ እንደሚታየው ኅብረ ቀለም ማሳየት ሲጀምር፣ ይህም ኮምቦልቻ ላይ 30 ሰከንድ፣ ደሴ ብርድ ላይ 2 ወይም 3 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ማይክሮፋይበር ጠርገው በሌላ ንጹሕ ያጣሩ። መብራት ከጎን አድርገው ይዩት። ፎጣዎቹ ሲደርቁ እንደ ብርጭቆ ስለሚጠነክሩ ታጥበው ሌላ ላይ አይዋሉ፤ ይጫርዎታል።

ለ24 ሰዓት ውኃ አይንካው፣ ለአንድ ሳምንት በሳሙና አይታጠብ። ከቦታው የሚነሳ ዕቃ ማታ ጣሪያ ሥር ይግባ። ደሴ ላይ ለተተከለ በር ከላይ ፕላስቲክ ከበሩ አርቀው ይወጥሩለት፤ ፕላስቲኩ ከተጣበቀበት ቅርጹ ላዩ ላይ ይቀራል።

የሚበላሹት ነገሮች

ጥቁር ጥላ መሰል ነጠብጣብ ከታየ ሳይጠረግ የቀረ ሴራሚክ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረሱበት በራሱ በሴራሚኩ እንደገና ሲያረጥቡት ይሟሟል፤ ካደረ ግን በፖሊሽ ብቻ ነው የሚነሳ። ሻካራ ቀለም ላይ የፎጣ ቃጫ ተጣብቆ ከደረቀ ማንሳት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ሻካራ ቀለም በስፖንጅ ተቀብቶ በአጭር ጠጉር ፎጣ የሚጠረገው። ውኃ በመጀመሪያው ሌሊት ካረፈበት ክብ ነጭ ምልክት ይቀራል። በጠነከረ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ በር ላይም ይህ ይመጣል፤ ጀበናዎ ወይም ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ በሩን ሲያጥቡ ሳይደርቅ በፎጣ ያድርቁት።

ከስድስት ወር በኋላ ውኃው መንጠባጠብ ትቶ ጠፍጠፍ ብሎ ሲተኛ ብዙ ሰው «ሴራሚኩ አለቀ» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ላዩን የሸፈነው የአቧራና የጥቀርሻ ስስ ልብስ ነው። በሳሙና በደንብ ይጠቡት፣ በኮምጣጤ ውኃ አንዴ ያልፉበት፣ ያለቅልቁት። ውኃው እንደገና ከተንጠባጠበ ሴራሚኩ አለ። ካልተንጠባጠበ አዲስ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ሲሊካ ስፕሬይ ደርበው ክረምቱን ያሻግሩት፤ ጥቅምት ሲገባ የጨርቁን ፈተና እንደገና አድርገው ይወስኑ።